ጆሮ ቆራጮቹ፦ የደስታ በሽታ ዘመን በዳሞት

«ደስታ ገባ» ሲባል ከብቱን ነድቶ ከመንደር የሸሸ ገበሬ ዛሬ በዳሞት ምድር ቢፈለግ የሚገኘው ከሽማግሌዎች መካከል ብቻ ነው። ከማንኩሳ እስከ ሽንዲ፣ ከጅጋ እስከ ኩች ያለው ጎረምሳ አባ ሰንጋን ያውቃል፣ ጎሮርሳን ያውቃል፣ ለገንዲማ በየዓመቱ ብር ያወጣል። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ግን አያውቀውም። እኔ ደግሞ የጉልበቴን ዘመን የጨረስኩት እሱን ሳሳድድ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ተምሬ ወደ ጎጃም ስመለስ የጠበቀኝ ሥራ ከሦስት ባልደረቦች ጋር እየዞሩ ከብት መክተብ ነበር፤ መኪና እስከገባበት በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ፣ በቅሎ እምቢ ያለችበትን በእግር። ሰው በደህናው ቀን «ከታቢዎች» ይለናል፣ ሲቆጣ «ጆሮ ቆራጮች»። ስለ ጆሮው እመለስበታለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ደስታን ከምድር ያጠፋው ክትባት ነው የሚል ወሬ በየጊዜው ማንበቤ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ደህናው ክትባት ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል ቦታ በእንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም በዋልተር ፕላውራይት እጅ የተሠራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን አይያዝም። ርካሽም ነበር። በሽታው ግን ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ከእኛ ጋር ኖሯል። በጠርሙሱና በከብቱ መካከል ያለው መንገድ ነው ያን ሁሉ ዘመን የፈጀው።

በሽታው እንዴት እንደመጣ የሚታወቅ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን ጦር ለቀለቡ በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ገባ። ከሐማሴን ወደ ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ በጌምድርና ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ወረደ። ጎጃም ያን ጊዜ ቁስለኛ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጥር 1880 ሳር ውሃ ላይ በመሐዲስቶች ተሸንፈው፣ ጎንደር ተቃጥላ፣ ሠራዊቱ ተበትኖ ነበር። በዚህ ላይ ነው የከብቱ እልቂት የተጨመረው። ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም እህል ጠፋ፣ አንበጣና ተምች ደግሞ የተረፈችውን ጨረሰ። እስከ 1884 የዘለቀውን ያን ጊዜ ነው ክፉ ቀን የምንለው። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ መሬቱን እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ጅብና አንበሳ የደከመ ሰው ከመንገድ ላይ ይበላ እንደነበርም እንዲሁ።

በእኛ ቤት ይህ ታሪክ በአንድ ጥጃ ነበር የሚነገረው። አያቴ ከእናቷ የሰማችው ነው፦ ከቤተሰቡ ከብት ሁሉ አንዲት ጥጃ ታማ ዳነች። ሌላው መንደር የነበረ ወይፈንም እንዲሁ ታሞ ተረፈ። ሁለቱ ደርሰው እስኪዋለዱ፣ የወለዱትም ለቀንበር እስኪበቃ ድረስ ሰው በዶማ አረሰ። አያቴ የእንስሳት ሐኪም አልነበረችም፤ ግን «ታሞ የዳነ ዳግመኛ አይነካውም» የምትለውን ነገር እኔ ደብረ ዘይት በመምህር አፍ እንደ አዲስ ነገር ስሰማው ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

በሽታው ቫይረስ ነው፤ የሰው ኩፍኝ የቅርብ ዘመዱ ነው። ከብቱ መጀመሪያ ይተኩሳል፣ መብላት ይተዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል። ሦስት አራት ቀን ሳይሞላ ድዱና የታችኛው ከንፈሩ ውስጥ ፉርሽካ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ያ የሞተ ሥጋ ነው፣ ሲነሳ ከሥሩ ቀይ ቁስል ይተዋል። ትንፋሹ በሩቅ ይሸታል። ከዚያ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወድቃል። የመንደሩ ከብት ከዚያ በፊት በሽታውን የማያውቅ ከሆነ የሚተርፈው በጣት የሚቆጠር ነው።

የዱር አውሬውም አልቀረለትም። ጎሹ፣ አጋዘኑ፣ ከርከሮው፣ ቀጭኔው አለቀ። በሽታው ከእኛ ተነሥቶ በ1889 ገደማ የአህጉሩ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። በብዙ አገር አውሬው በማለቁ የገንዲ ዝንብ የምትመጠው ደም አጥታ ሸሸች፤ ቆይቶ ግን ከብት ያልጋጠው ምድር ቁጥቋጦ ሲለብስ ዝንቧም ቦታዋን አስፍታ ተመለሰች። ሰው ይህን የተረዳው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በሽታው ለአውሮፓም እንግዳ አልነበረም፤ የዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1761 የተመሠረተው በዋናነት በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም በ1916 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ደስታ ከሕንድ በመጡ ከብቶች ቤልጂግ ገብቶ አውሮፓን ስላስደነገጠ ነው። ሙያችን የበሽታው ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ክትባት በአገር ውስጥ በብዛት መመረት የጀመረው ደብረ ዘይት ላይ በ1956 ዓ.ም. ገደማ በተቋቋመው ኢንስቲትዩት ነው። በዚያው ዘመን ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ያካተተ ጄ ፒ 15 የተባለ ዘመቻ ተነሥቶ ነበር፤ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ እየመጣ እኛ ዘንድ ደረሰ፣ በ1968 አበቃ። ብዙ አገር በሽታው የጠፋ መሰለው። ኢትዮጵያና ሱዳን ውስጥ ግን ፍሙ በየቆላው ቀርቶ ስለነበር በ1970ዎቹ ተመልሶ ናይጄሪያ ድረስ አነደደው።

ለምን ቀረ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሌላ ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ የጎጃሙን እኔ እነግረዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ከታቢዎች ጎጃም ውስጥ የዞሩት መዝገብ ይዘው ነው። መዝገቡ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የከብቱ ብዛት፣ ቀበሌው ይጻፋል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ መጣ። ቢቸና፣ ሞጣና ዳሞት ገበሬው «ንብረታችንን አታስቆጥሩንም» ብሎ ሸፈተ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተ፣ ከአየርም ደበደበ፣ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥቶ ለማብረድ ተገደደ። እንግዲህ በዚህ መሐል መርፌና ደብተር ይዞ «በሬዎችህ ስንት ናቸው?» የሚል ሰው ቢመጣ ምን ይባላል? እኔ ሥራ በጀመርኩበት በደርግ መጨረሻ ዘመን እንኳ ገበሬው የሚፈራው መርፌውን አልነበረም፤ እስክርቢቶውን ነው። ዘመቻውን ያቀዱት ሰዎች በየስብሰባው «የአርሶ አደሩ ግንዛቤ ማነስ» ሲሉ እሰማለሁ። ግንዛቤስ ነበረው። አብዝቶ ነበር የተገነዘበው።

የእኔ ዘመን ዘመቻ ፓርክ ይባላል። በአፍሪካ አንድነት ድርጅት አስተባባሪነት፣ በአውሮፓ ማኅበረሰብ ገንዘብ በ1979 ገደማ ተጀምሮ ከሠላሳ በላይ አገሮችን የያዘ ነበር። ስሙ ትልቅ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን አራት ሰው፣ አንድ ያረጀች ላንድሮቨር፣ አንድ የበረዶ ሣጥንና ሁለት የኪራይ በቅሎ ይሆናል።

ሥራው የሚጀምረው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከብቱ በቃርሚያ ላይ ሲለቀቅ ነው። በክረምት ላህን፣ ብርን፣ ፈተምን መሻገር አይታሰብም፤ በዚያ ላይ ሰኔ የበሬ ወር ነው፣ ከሞፈር ፈትቶ ለመርፌ የሚሰጣችሁ ሰው የለም። ክትባቱ ከደብረ ዘይት በበረዶ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም ይደርስና በነጭ ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። የፍሪጁን ክር ማጽዳት፣ ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑን ማየት፣ ሌሊት ተነሥቶ ቴርሞሜትሩን መመልከት የወጣቱ ሥራ ነው፤ ወጣቱ ደግሞ እኔ ነበርኩ። መንገድ የምንጀምረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትበረታ በረዶው ይቀልጣል፣ በረዶው ከቀለጠ ክትባቱ ይሞታል። ሞቶም ቢሆን ግን መልኩ አይለወጥም፤ የሞተ ክትባት እየወጋችሁ ቀኑን ሙሉ ልትለፉ ትችላላችሁ።

ጠርሙሷ አውራ ጣት ብታክል ነው። ውስጧ ያለው ደርቆ የተቀመጠ ነጭ ነገር ነው። ንጹሕ የጨው ውሃ ሲጨመርባት ወዲያው ይሟሟል፤ አንዷ ለመቶ ከብት ትበቃለች። ችግሩ መቶነቷ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ መቶ ከብት ይመጣል ብላችሁ በጥብጣችሁ ሠላሳ ከመጣ የሰባው መሬት ላይ ይደፋል። ስለዚህ ጥሩ ከታቢ ማለት መርፌ የሚችል ማለት አልነበረም። ከጠርሙሱ በፊት ሰው መቁጠር የሚችል፣ ዛሬ እዚህ ሜዳ ላይ ስንት ገበሬ ይመጣል የሚለውን ከማታው የሚያውቅ ነው።

ይህን እንድናውቅ ያደረገን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በጡሩምባ ቢጠራ የሚመጣው ግማሹ ነው፤ እሱም እየተነጫነጨ። በወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ ዕለት ግን በሬ አይጠመድም፤ ከብቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ ነው፣ ባለቤቱም ከቅዳሴ መልስ እዚያው ነው። መጀመሪያ አንዳንዱ «በበዓል ደም አይፈስም» አለ፣ የመርፌ ደም ማለቱ ነው። ጉዳዩ ወደ ቄሱ ሄደ። አንድ የማንኩሳ ቄስ (የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ማለቴ ነው፣ እዚያ በቅኔም በክርክርም የሚበልጣችሁ አይጠፋም) የደብሩን ሰው ሰብስበው በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣል አይወጣም ብለው ጠየቁ። ይወጣል ተባለ። «እንግዲያውስ ሳይገባ ብታስቀሩት ምኑ ነው ኃጢአቱ?» አሉና የራሳቸውን ላም አስቀድመው ነዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ፕሮግራማችንን ከግድግዳው ባሕረ ሐሳብ ላይ እያየን ነበር የምናወጣው። ለበላይ የሚላከው ሪፖርት ላይ ግን «በሥራ ቀናት» ብለን እንጽፋለን።

መከተቢያው ቀላል ነው። ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ መግቢያው ሰፊ ነው፣ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው ላይ አንድ ከብት ብቻ ያሳልፋል። እኛ ክራሽ እንለዋለን። አንዳችን ክትባት ይበጠብጣል። ሁለተኛው የከብቱን አንገት ቆዳ በግራ እጁ ቆንጥጦ ያነሣና አንድ ሚሊ ሊትር ከቆዳው ሥር ይሰጣል። ሦስተኛው ጆሮውን ይበሳል፣ አራተኛው ይጽፋል። የተጠሉት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። ጆሮ የሚበሳው የተከተበው ካልተከተበው እንዲለይ፣ ኋላም ደም የሚወስደው ቡድን ሲመጣ ክትባቱ መያዝ አለመያዙን እንዲያውቅ ነው። ገበሬው ዘንድ ግን ምልክት ያለው ከብት የመንግሥት ከብት ነው። ገበያ ላይ ዋጋ ያወርድብናል የሚልም ነበር። በሦስተኛው ቦታ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ፤ ልብሴ ላይ የደም ነጠብጣብ ያልነበረበትን የጥር ወር አላስታውስም።

ቋሪት በሄድንበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ አራት የከሱ ላሞችና አንድ ጊደር ይዘው መጡ። ጓሯቸው ሰፊ ነው፣ አውድማቸው ላይ ያለው ገለባ የጥንድ በሬ ብቻ አይደለም።

«አያ፣ ሌሎቹስ?» አልኳቸው።

«ሌላ የለኝም ልጄ። ያለኝን አመጣሁ።»

ባለቤታቸው ከኋላ በእንስራ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ለእኛ ለመጠጥ ያመጡት ነው። ለእኔ አልተናገሩም፤ ለባላቸው ነው የተናገሩት፦ «ኧረ ዳልቻንና ቦራን ለማን አስቀመጧቸው? እነሱ ቢሞቱ ሊቆፍሩ ነው?» ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። በሬዎቹ ከገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ወጥተው ሲመጡ ጥማዱ ሦስት ነበር። መዝገቡ ላይ «በሬ 2» ብዬ ጻፍኩ፣ መርፌውን ለስድስቱም ሰጠን። የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜም አላጠራጠረኝም።

ያው እኒህ የሚሸሽጉን ሰዎች በሽታውን ከእኛ ቀድመው ነበር የሚያውቁት። ወምበርማ ቆላ ላይ ከብት እየሞተ ነው ተብሎ ስንጠራ አንድ የዕድሜ ባለጠጋ እረኛ የታመመውን ወይፈን ከንፈር ገልብጠው አዩት፣ ትንፋሹን አሸተቱ፣ ከዚያ አስነሥተው አስሄዱት። «ደስታ አይደለም። እያነከሰ ነው፣ ኮቴውን እዩት። ይኼ አፍተግር ነው» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም አፍ ያቆስላሉ፣ ደስታ ግን ኮቴ ላይ ጉዳይ የለውም። ናሙናው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ እሳቸው የፈጀባቸው ሩብ ሰዓት ነው። ቆይቶ ጄፍሪ ማሪነርን የመሳሰሉ ሐኪሞች የእረኛን ዕውቀት ሥርዓት ባለው መንገድ እየጠየቁ በሽታ መፈለግን የራሱ ዘዴና መመሪያ ያለው ሥራ አደረጉት። መመሪያው ሲደርሰኝ እኒያን ሰው አሰብኳቸው። አበል አልተከፈላቸውም።

የካቲት 1983 ጦርነቱ ጎጃም ሲደርስ ሥራው ተቋረጠ። መኪናዋ ሄደች፣ ነጭ ጋዝ ጠፋ፣ ፍሪጁ ውስጥ የነበረውን ክትባት በእጄ አውጥቼ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ የምለው የለም።

ዘመቻው ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ ያገኙትን ሁሉ በየዓመቱ መክተብ ነው። አሁን ግን አዋቂዎቹ ካርታ ዘርግተው፣ ወሬውንና የደሙን ምርመራ አገናኝተው በሽታው ሳይቋረጥ የሚኖርባቸው ቦታዎች ጥቂት መሆናቸውን ተናገሩ። የደጋው ከብት በሽታው ሲመጣበት የሚያልቅ ነው እንጂ በሽታውን የሚያቆይ አይደለም። ስለዚህ በ1980ዎቹ አጋማሽ በደጋው አገር ክትባቱ ቆመና ጉልበቱ ሁሉ ወደ ምንጩ ዞረ፤ በተለይ ወደ አፋር። እኛን ከፋን፣ አልደብቅም። ሥራችንን የቀሙን መሰለን።

አፋር ላይ የሆነው ግን ማንንም ዝም የሚያሰኝ ነው። ማሪነር የፕላውራይትን ክትባት አደራረቅ አሻሽሎ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቆይ አድርጎት ነበር። በረዶ ካላስፈለገ ላንድሮቨርም አያስፈልግም፤ ላንድሮቨር ካላስፈለገ እኔን የመሰለ የደሞዝ ሰውም የግድ አይደለም። ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ጠርሙሱን በከረጢት ይዘው ከከብቱ ጋር ተጓዙ። በ1986 ዓ.ም. ሃያ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ከታቢዎች በ45 ቀን 73 ሺህ ገደማ ከብት ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ደስታ የታየው እዚያው አፋር ውስጥ፣ ኅዳር 1988 ነው።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው። መጥፋቱን በምን ታረጋግጣለህ? የከብቱን ደም ወስደህ ብትመረምር የተከተበና ታሞ የዳነ ከብት ደማቸው አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። በገዛ ክትባታችን ምስክሩን ሁሉ አበላሽተነዋል ማለት ነው። ያልተበላሸ ምስክር የሚገኘው ክትባት ከቆመ በኋላ በተወለደ ጥጃና ማንም መርፌ ባልነካው የዱር እንስሳ ዘንድ ብቻ ነው። ጎሽ ለብዙ ዓመት ይኖራል፣ በመንጋ ይሄዳል፣ ለበሽታው ስስ ነው። ወጣት ጎሽ ደም ውስጥ የደስታ ምልክት ከተገኘ ቫይረሱ በቅርብ አልፏል፤ ካልተገኘ አላለፈም። ኬንያ ጻቮ ውስጥ በ1986ና በ1987 በሽታው ከግማሽ በላይ ጎሾችን ሲጨርስ በአካባቢው ያለው የከብት ሕመም ቀላል ስለነበር የነገሩን ክብደት ያሳየው አውሬው ነው። በዓለም የመጨረሻው የታወቀ ደስታም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሽ ላይ ነው የተገኘው።

ስለዚህ የከብት ከታቢዎች ዘመን ሲያልቅ የአውሬ ሐኪሞች ዘመን መጣ። ደብረ ዘይት አብሮኝ የተማረ ሰው ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር ወደ ደቡብ ወርዶ ነበርና ሥራውን ከእሱ ሰምቼዋለሁ። ጎሽ በክራሽ አይገባም። ከመኪና ወይም ከሄሊኮፕተር ላይ ኢቶርፊን የተባለ ማደንዘዣ ባለው ቀስት መሰል መርፌ ይመቱታል። ይህ መድኃኒት ለሰው ገዳይ ነው፤ ጠብታው ቆዳ ላይ ቢያርፍ እንኳ አደጋ ስለሆነ ማርከሻው ከሐኪሙ አጠገብ ሳይኖር ጠርሙሱ አይከፈትም። ጎሹ ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ይወድቃል። ሮጠው ይደርሱበትና ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ በጎኑ ከተኛ ሆዱ ስለሚነፋ በደረቱ ያስተኙታል፣ አንዱ ትንፋሹን ይቆጥራል፣ አንዱ ከአንገት ሥሩ ደም ይቀዳል፣ አንዱ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምታል። ማርከሻው ሲገባ ግን ሁሉም መኪና ላይ መሆን አለበት፤ ጎሹ ሲነሣ አመስግኖ አይሄድም። «አንተ በቀን ምን ያህል ትከትብ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። «እኛ በቀን ሁለት ጎሽ ካገኘን በዓል ነው» አለ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ከበሽታው ነፃ ያላት በ2000 ዓ.ም. ነው። መላው ዓለም ነፃ መሆኑ ፓሪስ ላይ ግንቦት 17 ቀን 2003፣ ሮም ላይ ደግሞ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሰኔ 21 ቀን 2003 ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ኬንያ ሜሩ ላይ ለጎሹ ሐውልት አቁማለች። እኛም ዘንድ አንድ ቢቆም አይከፋም፤ እኔን ቢያማክሩኝ በቅሎ ይሁን እላለሁ።

ጎጃም ለእንዲህ ያለው የአውሬ ምርመራ የሚሆን መንጋ አልነበረውም። የብርና የአባይ ቆላ ተመንጥሮ የተረፈው ከርከሮ፣ ድኩላ፣ ዝንጀሮ፣ በየደብሩ ጫካ ጉሬዛ ነው። ጮቄ ላይ ይኖር የነበረው ቀይ ቀበሮም ጠፍቷል። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. የውሻ እብደት ገብቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን ያህል ሲገድል ሐኪሞች በወጥመድ እየያዙ የተረፉትን ከተቧቸው። የጮቄዎቹ ግን እንዲህ ያለ ሐኪም ሳያያቸው ነው ያለቁት።

ለእኔ የቀረኝ ሥራ ገንዲ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጠላት ነው። ክትባት የለውም። ዝንቧ ከከርከሮና ከድኩላ የምትመጠው ጥገኛ ተሕዋስ አውሬውን ሳያሳምም በደሙ ይኖራል፤ ወደ በሬ ሲገባ ግን በሬው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ቀንበር አይችልም። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ ቆላ ላይ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የተሰፋበት ወጥመድ እንተክላለን፤ አሴቶንና የከረመ የላም ሽንት ከሥሩ እናኖራለን፣ ዝንቧ በጠረኑ ተስባ ትመጣለች። የልጆች መጫወቻ እንዳይሆን ዘበኛ ያስፈልገዋል፤ ጨርቁ ጥሩ ስለነበር ዘበኛው ራሱም ሱሪ አሰፍቶበታል። መድኃኒቱ ዲሚናዚን ወይም አይሶሜታሚዲየም ነው። ሁለቱም የቆዩ ናቸው፣ ገበያ ላይ የማይታመን ዱቄት ይሸጣል፣ ገበሬው ደግሞ ሳስቶ ለአንድ በሬ የሚሆነውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ተሕዋሱም ለመዳቸው።

የቡሬ ሽማግሌዎች ይህን አገር እንግዳ ከብት አይችለውም ይላሉ። ማስረጃቸው የ1933 ግመሎች ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ሲመለሱ አብሯቸው የነበረው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር 15 ሺህ ያህል ግመል ይዞ ጎጃም ገብቶ ነበር፤ ቡሬን ጣሊያን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ እየተከተለ ሄደ። ዘመቻው ሲያልቅ በሕይወት የነበረው ግመል ሃምሳ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል። ዳገቱና ብርዱ፣ የመኖ እጦቱና ጭነቱ ጨረሷቸው። ሐኪም አብሮ ቢኖር ምን ያደርግ እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ፤ ምናልባት ጭነት ቀንሱ ይል ነበር፣ ማንም አይሰማውም ነበር።

አሁን ዓለም የተነሣው በደስታ መሰል ላይ ነው፤ በግና ፍየል የሚጨርሰው የደስታ ዘመድ። በ2007 ዓ.ም. አቢጃን ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ዕቅድ ወጥቷል። በቅርቡ ቡሬ አካባቢ የሚከትቡ ልጆች ሽማግሌ ምክር ይሰጠናል ብለው ጠርተውኝ ነበር። ስልክ አላቸው፣ ሞተር ሳይክል አላቸው፣ የበረዶ ሣጥናቸው ከእኛው ይሻላል። የከበዳቸው በጎቹ አለመምጣታቸው ነው፤ ስብሰባ ጠርተው፣ ቀበሌው አስታውቆ፣ የመጣው ከታሰበው ሩቡ ነው። የባሕረ ሐሳቡን ነገር እንድነግራቸው ጠብቀው ነበር። እሱ ለበሬ ነው፣ በግ ቀንበር የለውም አልኳቸው። ስብሰባውን የጠራችሁት ለማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ለአባወራዎች ነው አሉ። በግና ፍየሉን የምታውቀው፣ ጧት የምታወጣው፣ ማታ የምታስገባው ሴቲቱ ናት፤ ከገበያ መልስ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጠብቋት፣ ቀኑን እሷ ትቁረጠው አልኳቸው። አንደኛው በስልኩ ላይ ጻፈው። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል፣ ሦስት ጠርሙስ ይበቃል አይበቃም እያሉ ሲከራከሩ ትቻቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።